አንድ ማይክሮአምፔር የማያሳልፍ በር፦ የድሮ አማተር ራዲዮ ማሰራጫና የሪሌው ሕመም

አማተር ራዲዮ ለንግድም ለዜና ሥርጭትም ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለወዳጅነት ሲባል ፈቃድ ያገኙ ሰዎች በተመደቡላቸው የሞገድ ክልሎች ላይ በድምፅ ወይም በሞርስ ምልክት እርስ በርስ የሚገናኙበት መስክ ነው። በዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ ጣቢያ አገሩን የሚያስታውቅ የጥሪ ምልክት አለው፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ምልክት «ኢቲ» በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያም «ኢቲ3ኤኤ» በሚለው ምልክቱ በብዙ አገሮች አማተሮች ዘንድ ይታወቃል። በዚህ መስክ ከተሰማሩት መካከል ጥቂት የማይባሉት በኮምፒውተር ከሚታገዘው አዲስ መሣሪያ ጎን ለጎን፣ ስድሳና ሰባ ዓመት ያስቆጠሩ፣ በቫልቭ የሚሠሩ ማሰራጫዎችን እየጠገኑ በአየር ላይ ያቆያሉ። ቫልቭ የሚባለው ውስጡ ያለው አየር ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ሲሆን፣ ትራንዚስተር ከመስፋፋቱ በፊት የኤሌክትሪክ ምልክትን የማጉላት ሥራ በዚህ ብልቃጥ ላይ የተመሠረተ ነበር።

ከእነዚህ አሮጌ ማሰራጫዎች መካከል ሁለቱ እስከ ዛሬ በብዛት ይገኛሉ። አንደኛው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ዋሲካ በተባለች ከተማ የነበረው የኢ. ኤፍ. ጆንሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ቫይኪንግ ሬንጀር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሚሺጋን ግዛት በቤንተን ሃርበር ከተማ የነበረው ሂዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ሂዝኪት ዲኤክስ-60 ሲሆን፣ ይህኛው ዕቃው ተበትኖ በካርቶን ታሽጎ ከመመሪያ መጽሐፍ ጋር ለገዢው ይላክና ገዢው ራሱ በቤቱ እየበየደ የሚገጣጥመው ነበር። ሁለቱም በመጨረሻው የማጉያ ደረጃ ላይ 6146 የተባለውን አንድ ቫልቭ ይጠቀማሉ። ሬንጀር በሞርስ ሲሠራ ለዚህ ቫልቭ 75 ዋት ያህል ይሰጠዋል፤ ከዚህ ውስጥ ከፊሉ በሙቀት መልክ ስለሚባክን ወደ አንቴናው የሚወጣው 50 ዋት ገደማ ነው።

በዚያ ዘመን ማሰራጫውና መቀበያው አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸው ሳጥን የነበራቸው ሲሆን፣ አንቴናው ግን አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባለጣቢያው ሲናገር አንቴናው ወደ ማሰራጫው፣ ሲያዳምጥ ደግሞ ወደ መቀበያው መዞር ነበረበት፤ ይህን በየጊዜው በእጅ ማዞር አድካሚ፣ አንድ ቀን ከተረሳ ደግሞ ማሰራጫው ያለ አንቴና እንዲሠራና እንዲጎዳ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ሥራው ለአንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ በረኛ ተሰጠ። ይህ በረኛ ሪሌ ይባላል። ሪሌ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ የመኪና ፍሬቻ ሲበራ ከዳሽቦርዱ ሥር ጠቅ ጠቅ ሲል የኖረው ዕቃ የእሱ ዘመድ ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪሺያኖችም በዚሁ ስሙ ይጠሩታል።

ቃሉ ራሱ ቅብብል ማለት ሲሆን፣ የመጣውም በረጅም ጉዞ ላይ የደከመ ፈረስ በየጣቢያው በትኩስ ፈረስ ይተካ ከነበረበት ልማድ ነው። በሽቦ ላይ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ምልክትም ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ስለሚደክም፣ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አጋማሽ የደከመው ምልክት ማግኔት ብቻ እንዲያንቀሳቅስ፣ ማግኔቱ ደግሞ ትኩስ ባትሪ ያለውን ሌላ መስመር እንዲከፍትና እንዲዘጋ የሚያደርግበትን መንገድ አሳየ። ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1844 ከዋሺንግተን ወደ ባልቲሞር የመጀመሪያውን መልእክት የላከበት የቴሌግራፍ ሥርዓትም በዚሁ የቅብብል ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። በአማተሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሪሌ እንግዲህ ከራዲዮ ራሱ በዕድሜ የሚበልጥ ጥበብ ነው።

ክዳኑ ሲነሣ የሚታየው ነገር ቀላል ነው። በብረት እምብርት ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠነ፣ በቫርኒሽ የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ በሺህ በሚቆጠር ዙር ተጠምጥሟል፤ ከእምብርቱ ጫፍ ፊት ለፊት አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ ክፍተት አንድ ተንቀሳቃሽ ብረት በሞላ ተይዞ ይቆማል፤ ከዚህ ብረት ጋር የተያያዘው ልሳን ጫፍ ላይ ደግሞ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ የብር ጠብታ ተበይዷል። ይህ የብር ጠብታ ኮንታክት ይባላል፤ ትርጉሙም መገናኛ ነጥብ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ በጥቅል ሽቦው ሲያልፍ እምብርቱ ማግኔት ይሆንና ብረቱን ወደ ራሱ ይስባል፣ ልሳኑም ከአንዱ ኮንታክት ተላቆ ከሌላው ጋር ይገናኛል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሞላው ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የአንቴና ሪሌ በተለምዶ በዕረፍት ጊዜው አንቴናውን ከመቀበያው ጋር፣ ሲሳብ ደግሞ ከማሰራጫው ጋር እንዲያገናኝ ሆኖ ይሠራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የማሰራጫውን ኮንታክት አጥብቆ የሚጫነው የማግኔቱ ጉልበት ሲሆን፣ የመቀበያውን ኮንታክት የሚጫነው ግን የሞላው ጉልበት ብቻ ነው፤ ሞላ ደግሞ በዕድሜ ይላላል።

የሁለቱ ጎኖች ልዩነት በግፊት ብቻ አያበቃም። 50 ዋት ኃይል 50 ኦም በሆነ የአንቴና መስመር ላይ ሲያልፍ፣ በስሌት 50 ቮልትና 1 አምፔር ይሆናል። በሌላ በኩል በአጭር ሞገድ መቀበያዎች የምልክት መለኪያ ላይ ኤስ9 ተብሎ የሚነበበው፣ አማተሮች ጥሩ ብርቱ ምልክት የሚሉት፣ በዚሁ መስመር ላይ 50 ማይክሮቮልት ብቻ ነው፤ የሚያስከትለውም ፍሰት 1 ማይክሮአምፔር፣ ማለትም የአንድ አምፔር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። አንዲት ሪሌ በአንድ ጎኗ አንድ አምፔር፣ በሌላ ጎኗ ከዚህ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ ፍሰት እንድታሳልፍ ትጠየቃለች ማለት ነው፤ ያውም ኤስ9 ብርቱው ነው እንጂ፣ ባለጣቢያው ሌሊት ተነሥቶ የሚያድነው የሩቅ አገር ምልክት ከዚህም በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። የእነዚህ ሪሌዎች ብልሽት አብዛኛው ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ሲሆን፣ ይህን ያልተረዳ ጠጋኝ ደህናውን ክፍል ሲፈታና ሲገጥም ይከርማል።

የብር ጌጥ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የብር መስቀል ለወራት ሳይጠረግ ከተቀመጠ ይጠቁራል። ይህ ጥቁረት በአየር ውስጥ ያለው የድኝ ውሁድ ከብር ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ብር ሰልፋይድ የተባለ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ የጭስ፣ የጎማና የአንዳንድ የድሮ ማሸጊያ ዕቃዎች ትነትም ያባብሰዋል። ብር ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረው ሽፋን ኤሌክትሪክ ማሳለፉን ብዙም ስለማያውክ ጉዳት የለውም፤ የድኙ ሽፋን ግን ኤሌክትሪክን ይከለክላል። በማሰራጫው ጎን ያሉት ኮንታክቶች ይህ ሽፋን ቢኖርባቸውም 50 ቮልቱ ሽፋኑን ሰብሮ፣ አንድ አምፔሩም የተሰበረውን ቀዳዳ አስፍቶ ያልፋል፤ በዚህ ምክንያት ያ ጎን በሥራው ራሱን በራሱ ያጸዳል። 50 ማይክሮቮልት ግን ምንም ዓይነት ሽፋን ሊሰብር አይችልም፤ መንገዱን ክፍት ካገኘ ያልፋል፣ ካላገኘ ይቆማል። የመስኩ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ጉልበት የሌለው ምልክት የሚያልፍበትን ሁኔታ ደረቅ ግንኙነት ይሉታል።

በዚህ ምክንያት ነው የሪሌው ሕመም መጀመሪያ በማሰራጨት ላይ ሳይሆን በማዳመጥ ላይ የሚታየው። ባለጣቢያው ማሰራጫውን ከፍቶ ይናገራል፣ የኃይል መለኪያው መደበኛውን ያሳያል፣ የሚያነጋግረው ሰውም ድምፁ ጥሩ እንደሆነ ይነግረዋል፤ ወደ ማዳመጥ ሲመለስ ግን ጣቢያው እንደ ጉም ደብዝዞ ይገኛል። ማሰራጫውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈት ዘጋ ሲያደርግ ምልክቱ በድንገት ይመለሳል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ያለ ምክንያት ይወርዳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚጠረጥረው የአየር ሁኔታን ነው፤ የአጭር ሞገድ ምልክት በተፈጥሮው ከፍ ዝቅ የሚል ስለሆነ ጥርጣሬው ስሕተት ነው ለማለት አያስደፍርም። ቀጥሎ መቀበያው ይጠረጠራል፣ ቫልቮቹ አንድ በአንድ ይቀየራሉ፣ አንቴናው ከጣሪያ ይወርዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ይህች ሪሌም በየጊዜው ጠቅ እያለች ጤነኛ ስለምትመስል ማንም አይመረምራትም።

የተበላሸ የመቀበያ ኮንታክት ምልክቱን ሙሉ በሙሉ የማይቆርጠው ለምን እንደሆነም መረዳት ለምርመራው ይረዳል። ሁለቱ የብር ጠብታዎች በስስ ሽፋን ቢለያዩም ጎን ለጎን የቆሙ ብረቶች በመሆናቸው እንደ ትንሽ ካፓሲተር ይሠራሉ፤ ካፓሲተር ደግሞ የምልክቱ ድግግሞሽ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ያሳልፋል። በ28 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም 10 ሜትር በሚባለው ክልል ላይ ያለ ምልክት፣ 80 ሜትር በሚባለው በ3.5 ሜጋኸርዝ ክልል ካለው ይልቅ በዚህ ክፍተት ለማለፍ የሚያጋጥመው እንቅፋት በስምንት እጥፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ መቀበያው በ10 ሜትር ላይ በመጠኑ እየሰማ በ80 ሜትር ላይ ደንቆሮ ከሆነ፣ ይህ ምልክት ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ዓይንን ወደ አንቴናው መስመር ለመመለስ በቂ ነው።

ወደ ምርመራው ከመገባቱ በፊት መነገር ያለበት የሞትና የሕይወት ጉዳይ አለ። የእነዚህ ማሰራጫዎች የቫልቭ አቅርቦት ከ500 ቮልት በላይ ሲሆን፣ ይህን ቮልቴጅ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው ለመግደል የሚበቃ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ፋብሪካው ይህን ኃይል ቀስ በቀስ እንዲያፈስስ የገጠመው ሬዚስተር አለ፤ ነገር ግን ስድሳ ዓመት የሞላው ሬዚስተር ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በእሱ መተማመን አይገባም። ትክክለኛው አሠራር ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ በዓይን እንዲታይ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ረጅም የማያስተላልፍ እጀታ ባለው ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ሽቦ ካፓሲተሮቹን ከመሣሪያው ብረት አካል ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም ቮልቴጁ ዜሮ መሆኑን በመለኪያ ማረጋገጥ ነው። የግድ ኤሌክትሪክ እያለ መለካት ካስፈለገ ደግሞ ፍሰት በደረት በኩል እንዳያልፍ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ መሆን አለበት። የአንቴና ሪሌው ጥቅል ሽቦ ራሱ በብዙዎቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች በ115 ቮልት የሚሠራና መገናኛው ያልተሸፈነ በመሆኑ፣ ሪሌዋ ትንሽ ናት ተብሎ እጅ የሚዘረጋባት ዕቃ አይደለችም።

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ማሰራጫው ጠፍቶ ከሶኬት እንደተነቀለ የአንቴናው ገመድ ከሪሌው ይፈታና በቀጥታ ወደ መቀበያው ይገባል፤ ከፍ ዝቅ የማይል የአካባቢ ጣቢያ ወይም ከአነስተኛ የምልክት ማመንጫ የሚመጣ ቋሚ ድምፅ ተመርጦ መለኪያው ይነበባል፤ ከዚያም ገመዱ በሪሌው በኩል ተመልሶ ያው ምልክት እንደገና ይነበባል። በቀጥታ ኤስ9 ያነበበው ምልክት በሪሌው በኩል ኤስ5 ካነበበ፣ በመለኪያው ላይ አንዱ ደረጃ የቮልቴጅ ግማሽ ስለሆነ አራት ደረጃ መውረድ ማለት ከምልክቱ የተረፈው አንድ አሥራ ስድስተኛው ነው፤ ጥፋቱም በሪሌው ወይም በሪሌው ዙሪያ ባሉ ማገናኛዎች ላይ ነው። በዚህ አሥር ደቂቃ በማይፈጅ ሙከራ አንቴናውም መቀበያውም ነጻ ይወጣሉ፤ ሙከራው የማይደረግበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ሰው ገመድ ከመፍታት ቫልቭ መቀየር ስለሚቀለው ነው።

ጥፋቱ ከሪሌው ከሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ ጥቅል ሽቦው ነው ወይስ ኮንታክቱ የሚለው ሲሆን፣ ለዚህ ጆሮ ይበቃል። ማሰራጫው ሲከፈት ጠቅታ ከሌለ፣ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰም ወይ ሽቦው ተበጥሷል። ገመዱ ተነቅሎ በኦም መለኪያ ሲታይ ንባቡ ማለቂያ የሌለው ከሆነ ሽቦው መበጠሱ እርግጥ ነው፤ መበጠሱ ግን ሁልጊዜ የሞት ፍርድ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ቀጭኑ ሽቦ ከወፍራሙ ጫፍ ጋር በተበየደበት፣ እርጥበት አረንጓዴ ዝገት ባበቀለበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ትዕግሥት ያለው እጅ አንድ ዙር ፈትቶ፣ ቫርኒሹን ፍቆ ዳግም ሊበይደው ይችላል።

ጠቅታው ንጹሕ ሳይሆን የታመቀ ንብ የመሰለ እምምታ ካለው ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ኤሲ በሚባለው ተለዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሪሌ ፍሰቱ በ60 ኸርዝ ሲሄድ በሴኮንድ 120 ጊዜ ዜሮ ይነካል፤ በእያንዳንዱ ዜሮ ላይ ማግኔቱ ብረቱን ሊለቀው ሲል የሚይዘው በእምብርቱ ጫፍ ላይ የተገጠመ አንድ ትንሽ የመዳብ ቀለበት ነው። ይህ ቀለበት በውስጡ የራሱን ፍሰት ስለሚፈጥር የእምብርቱ ፊት አንዱ ክፍል ማግኔትነቱን ከሌላው ዘግይቶ ያጣል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይይዛል። ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ወይም በብረቱና በእምብርቱ መካከል ዝገትና የደረቀ ቅባት ገብቶ ሙሉ በሙሉ እንዳይገጥሙ ከከለከለ ሪሌው ይንቀጠቀጣል፣ ኮንታክቶቹም በየመንቀጥቀጡ እየተኮሱ ይበላሻሉ። ይባስ ብሎ ብረቱ ሳይገጥም የቀረ የኤሲ ሪሌ ከገጠመው ይልቅ ብዙ ፍሰት ስለሚስብ ጥቅሉ ይግላል፣ ካልተደረሰበትም ይቃጠላል። ይህን ዓይነት መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ ይኖርበታል፤ 220 ቮልቱን ወደ 115 የሚያወርድ ትራንስፎርመር 50 ኸርዙን ወደ 60 አይለውጠውም፤ ለ60 ኸርዝ የተጠመጠመ ሪሌ በ50 ሲሠራ ፍሰቱ እስከ አንድ አምስተኛ ሊጨምር ስለሚችል፣ በአሜሪካ ለብ ይል የነበረው ጥቅል እዚህ እጅ የሚያስነሣ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴም ሪሌው ይሳብና ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሳይመለስ ይቀራል። ምክንያቱ የላላ ሞላ፣ ቀልጠው የተጣበቁ ኮንታክቶች፣ ወይም ዲሲ በሚባለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በሚሠሩት ላይ በእምብርቱ ውስጥ የሚቀር የማግኔት ቅሪት ሊሆን ይችላል። ሠሪዎቹ ይህን ቅሪት ስለሚያውቁ ብረቱ እምብርቱን በቀጥታ እንዳይነካ ስስ የነሐስ ቅጠል ያስቀምጡበታል፤ ያ ቅጠል በዘመን ብዛት ሲያልቅ ብረት ለብረት ይጣበቃል። ሪሌው በደንብ ሲሠራ እንኳ በማሰራጨት ጊዜ በኮንታክቶቹ ክፍተት የሚሾልክ ኃይል ለመቀበያው አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህም ዶው-ኪ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ አምራች በአንዳንድ የአንቴና ሪሌዎቹ ላይ በማሰራጨት ጊዜ የመቀበያውን መግቢያ ለብቻው የሚያገልል ተጨማሪ ኮንታክት ያክል ነበር።

ጠቅታው ንጹሕ ሆኖ ምልክቱ ከደከመ ግን የቀረው ኮንታክቱ ነው፤ እዚህ ላይ ጠጋኙ ራሱ ማስረጃውን እንዳያጠፋ መጠንቀቅ አለበት። የኮንታክትን ጥራት ለመለካት የተለመደው መንገድ ከኃይል ምንጭ 1 አምፔር አሳልፎ በኮንታክቱ ሁለት ወገን ያለውን ቮልቴጅ ማንበብ ነው፤ 50 ሚሊቮልት ከተነበበ የኮንታክቱ እንቅፋት 0.05 ኦም ነው፣ ይህም ደህና ነው። ይህ ዘዴ ለማሰራጫው ጎን ትክክል ነው። ለመቀበያው ጎን ግን ያ አንድ አምፔር ራሱ ሽፋኑን ሰብሮ ስለሚያልፍ ሕመሙን ለጊዜው ያስወግደዋል፤ መለኪያው ጤነኛ ነው ይላል፣ ሪሌው ተመልሶ ይገጠማል፣ ከሳምንት በኋላ ያው ችግር ይመለሳል። ስለዚህ የመቀበያው ኮንታክት አስቀድሞ በመቀበያው በራሱ ምልክት፣ ወይም ጥቂት አሥር ሚሊቮልት ብቻ በሚሰጥ ምንጭ መመርመር አለበት። ተራው የእጅ መለኪያም ከዚህ የበለጠ ቮልቴጅ ስለሚያወጣ፣ ዜሮ ኦም ማንበቡ ይህን ኮንታክት ነጻ አያወጣውም።

ሽፋኑን ማንሣት ከመፈለጉ ይልቅ ቀላል ነው፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ለእነዚህ ኮንታክቶች ጠላት ናቸው። ሞረድ ጉልላት ሆኖ የተሠራውን የብር ጠብታ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ ብሩ ስስ ቅብ ከሆነም ጨርሶ ያነሣዋል፤ ከብርጭቆ ወረቀት የሚረግፈው ፍርፋሪ ደግሞ በለስላሳው ብር ውስጥ ተሰክቶ የማያስተላልፍ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜ የተሞረደ ኮንታክት ለአንድ ወር ደህና ሠርቶ ከዚያ በኋላ ከቀድሞው የባሰ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ይህ ልማድ በአሮጌ መሣሪያዎች ላይ ካደረሰው ጥፋት አንጻር አጥብቆ ሊነቀፍ የሚገባው ነው። የሚበጀው አንድ የጠነከረ ነጭ ካርድ በቀጭኑ ቆርጦ፣ ጫፉን በንጹሕ አልኮል ወይም ለኮንታክት በተዘጋጀ ማጽጃ አርሶ በሁለቱ ጠብታዎች መካከል ማስገባት፣ ልሳኑን በጣት በስሱ ጫን አድርጎ ካርዱን መሳብ ነው። በካርዱ ላይ እርሳስ የተጎተተበት የመሰለ ግራጫ ወይም ጥቁር መስመር ይታያል፤ ያ መስመር የፈለጉት ሽፋን ነው። ካርዱ እየተቀያየረ መስመሩ እስኪጠፋ ይደገማል፣ በመጨረሻ በደረቅ ካርድ ተስቦ የወረቀቱ ጭረት በአየር ይነፋል። ልሳኖቹን ማጣመም ፈጽሞ አይገባም፤ ኮንታክቶቹ ከተነካኩ በኋላ ልሳኑ በመጠኑ ተገፍቶ ማለፍ ያለበት በዚያች ጥቂት መገፋት የብሩ ፊት ፊቱን ስለሚፋቅና በየጠቅታው ትንሽ ስለሚጸዳ ነው፤ የተጣመመ ልሳን ይህን ያጣል።

የማሰራጫው ጎን የራሱ ሕመም የሌለው አይደለም፤ የእሱ ጠላት ግን ሽፋን ሳይሆን ብልጭታ ነው። ሪሌ ከተሳበ በኋላ ኮንታክቱ እስኪገናኝና ንዝረቱ እስኪቆም ከ10 እስከ 20 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስድበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ማሰራጫው ኃይል መልቀቅ ከጀመረ በሚቀራረቡት ብሮች መካከል ብልጭታ ይነሣና አንዱን ጎን ያጎደጉዳል፣ በሌላው ላይ ትንሽ ጉብታ ይተክላል። ፍጥነቱን ለመገመት ያህል፣ በደቂቃ 20 ቃል በሚላክ የሞርስ መልእክት ውስጥ አንዱ ነጥብ የሚቆየው 60 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፤ ሪሌው 15 ሚሊሴኮንድ ከዘገየ የነጥቡ ሩብ በሪሌው ላይ ይቃጠላል ማለት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል አስቀድሞ ሪሌውን ስቦ፣ ከዚያ በኋላ ኃይል መልቀቅ፣ ሲዘጋም በተቃራኒው አስቀድሞ ኃይሉን አቁሞ ሪሌውን መልቀቅ ነው። በአሮጌዎቹ ማሰራጫዎች ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቀው የሰውየው እጅ ስለሆነ፣ በየነጥቡ መካከል ሪሌውን ከመልቀቅ ይልቅ መልእክቱ እስኪያልቅ ይዞ መቆየት የኮንታክቱን ዕድሜ በብዙ ያራዝመዋል።

ጥቅሉ የተቃጠለና ብሩ ያለቀ ሪሌ ሲያጋጥም መተካት የግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚታየው የጥቅሉ ቮልቴጅ፣ ኤሲ ወይም ዲሲ መሆኑ፣ የኮንታክቶቹ ብዛትና የሚችሉት ፍሰት ብቻ አይደለም። በገበያ የሚገኘው ብርቱ የዘመኑ ሪሌ ኮንታክቱ ያው ብር ስለሆነ የማይክሮአምፔሩን ችግር ይዞ ይመጣል፤ ወርቅ የተቀባው ትንሹ ሪሌ ደግሞ ወርቅ የማይጠቁር በመሆኑ ለመቀበያው ተስማሚ ቢሆንም የማሰራጫው አንድ አምፔርና ብልጭታ ወርቁን ያነሣዋል። የተሻለው መፍትሔ ሥራውን ለሁለት መክፈል፣ ማለትም ብርቱውን ሪሌ ለማሰራጫው፣ የታሸገውንና በወርቅ የተቀባውን ለመቀበያው መስጠት ሲሆን፣ ሁለቱም በድሮው ሪሌ ክዳን ሥር ሊገቡ ይችላሉ። በዚያ መልክ የተሠራ መሣሪያ ከውጭ ሲታይ ፋብሪካው እንዳወጣው ይቆያል፤ የወጣው ዋናው ሪሌም ቢሆን ተጠቅልሎ፣ ስም ተጽፎበት ከመሣሪያው ጋር ቢቀመጥ ነገ ጥቅሉን ዳግም መጠምጠም ለሚችል ሰው ይጠቅማል።

ጥገናው ሲያልቅ ማሰራጫው መጀመሪያ የሚከፈተው በአንቴና ላይ ሳይሆን ደሚ ሎድ በሚባለው፣ ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ በሚያስቀር 50 ኦም ጭነት ላይ ነው። ጠቅታው፣ የኃይል መለኪያው ንባብና የጥቅሉ ሙቀት ደህና ሆነው ሲገኙ አንቴናው ይገጠማል፣ በቀጥታና በሪሌው በኩል የተደረገው የመጀመሪያው ንጽጽርም ይደገማል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ማሰራጫውን እየከፈቱና እየዘጉ አሥር ጊዜ ያህል፤ ምክንያቱም አንዴ ደህና ያነበበ ኮንታክት በሦስተኛው ላይ ሊከዳ ይችላል። አሥሩም እኩል ከሆኑ መሣሪያው ጠፍቶ ለጥቂት ቀናት ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ ሲከፈት፣ ማሰራጫው አንድም ጊዜ ሳይሠራ፣ ሪሌውም አንድም ጊዜ ጠቅ ሳይል፣ በ80 ሜትር ላይ ያ የሚታወቀው ጣቢያ ይፈለጋል፤ ሽፋኑን በመጠኑ የሚፍቅለት ጠቅታ ገና ስላልመጣ በዚያች ሰዓት የሚነበበው ቁጥር የኮንታክቱ እውነተኛ ቁጥር ነው።